ትዊድ ከንቲባ ሳይሆን ከተማውን እንዴት ዘረፈ?

ከንቲባ መሆን አላስፈለገውም። ዊልያም ትዊድ ታማኒ ሆልን፣ ማለትም የኒውዮርክን የዴሞክራቲክ ፓርቲ ድርጅት፣ ስለያዘ ማን እንደሚታጭና ማን እንደሚሾም የሚወስነው እሱ ነበር፤ ከንቲባውም የከተማው ሒሳብ ሹምም የራሱ ሰዎች ነበሩ።

ስርቆቱ በደረሰኝ ነው የሚሄደው። ተቋራጩ ዋጋ ቆልሎ ሒሳብ ያቀርባል፣ የእነ ትዊድ ሰው ያጸድቃል፣ ትርፉ ተመልሶ ኪሳቸው ይገባል። በዚያ ጊዜ ይሠራ ለነበረው የፍርድ ቤት ሕንጻ አንድ ለሳኝ ለሁለት ቀን ሥራ 133,187 ዶላር ተከፍሎታል። በዚያ ዘመን ገንዘብ!

በ1871 እ.ኤ.አ. ጋዜጣ ሒሳቡን ዘረገፈው። ተፈርዶበት፣ አምልጦ ስፔን ድረስ ሄዶ፣ እሱን በሚያሳይ የካርቱን ሥዕል ተለይቶ ተያዘ፤ በ1878 እስር ቤት ሞተ።

ለጽሑፍህ ከሆነ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የጠቅላላ ዘረፋውን መጠን በአንድ ቁጥር አትዝጋው። እኔ «200 ሚሊዮን ዶላር» ብዬ ጽፌ መምህሬ በቀይ ሰርዞብኛል፤ ከ25 ሚሊዮን ጀምሮ የሚገምቱም አሉ።