ከሲም ፓርትነር ጋር ቤት መጋራት፦ ለአዲስ ገቢ አብራሪዎች

ሰሞኑን አንድ ወጣት ጻፈልኝ። አየር መንገድ ተቀጥሯል፤ ሥልጠናው ሊጀመር ነው። «ካፒቴን፣ ለሥልጠናው ጊዜ ከሲም ፓርትነሬ ጋር ቤት ልከራይ ወይስ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ልቆይ? ቤቴ ከማሠልጠኛው አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል» ይላል። ሲም የምንለው ሲሙሌተሩን ነው፤ መሬት ላይ ሆነን አውሮፕላን ማብረር የምንለማመድበት ማሽን። ሲም ፓርትነር ደግሞ እዚያ ውስጥ አብሮህ የሚሠለጥነው ሰው ነው።

ሁለት መስመር መልሼለት ልገላገል ነበር። አልሆነልኝም። ጥያቄው አንድ ሰው አስታወሰኝ። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ማኑዋላችሁን አንብቡ፣ ሰዓት አክብሩ፣ በሲም ዋዜማ አትጠጡ አልላችሁም። ይህን የማያውቅ ሰው መጀመሪያውኑ አይቀጠርም።

እኔ በሠለጠንኩበት ጊዜ ክፍላችን ብዙ ሰው ነበረው። የማወራው ግን ስለ አራታችን ነው። ሁለት ጥንድ ነበርን። ሲሙሌተር ላይ ሰው ብቻውን አይሠለጥንም። አንዱ ሲያበር ሌላው ይከታተላል፣ ቼክሊስት ያነባል፣ ሬዲዮ ይይዛል። ሴሽኑ ብዙውን ጊዜ አራት ሰዓት ነው፤ መሃል ላይ ቦታ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ፓርትነርህ ሲደክመው አንተም ትደክማለህ። አንተ ሳታጠና ከመጣህ ደግሞ እሱ ነው የሚጎዳው።

ከአራታችን ሦስታችን ማሠልጠኛው አጠገብ አንድ አፓርታማ ተከራየን። እኔና ፓርትነሬ አንዱን ክፍል ተጋራን። ሦስተኛው ልጅ፣ የአራተኛው ጓደኛችን ፓርትነር፣ ሁለተኛውን ያዘ። ሦስተኛዋ ክፍል ጠባብ ናት። የወረቀቱን ኮክፒት ግድግዳዋ ላይ ለጠፍነው። በትክክለኛው መጠን የታተመ የፓነሉ ፎቶ ማለት ነው። ከላይ ኦቨርሄድ ፓነሉ፣ ከፊት ስክሪኖቹ፣ ከታች የሞተር ሌቨሮቹ። ሁለት ወንበር ፊት ለፊቱ አቆምን። መቆጣጠሪያ የምናደርገው ነገር ስላልነበረን የመጥረጊያ እንጨት ጉልበታችን መሃል እናቆም ነበር። ስንወጣ ፕላስተሩ የግድግዳውን ቀለም ልጦ ይዞት መጣ። አከራዩ የያዙትን ማስያዣ አልመለሱልንም፤ ልክም ነበሩ።

እዚያች ክፍል ውስጥ ያልጮህነው ጩኸት የለም። አንድ ሌሊት «ኢንጅን ፋየር!» እያልን ስንለማመድ በሩ ተንኳኳ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በሌሊት ልብሳቸው፣ ባልዲ ውኃ ይዘው ቆመዋል። «የታለ እሳቱ?» አሉ። ወደ ግድግዳው ጠቆምናቸው። ወረቀቱን አዩ፣ እኛን አዩ፣ የመጥረጊያውን እንጨት አዩ። ምንም ሳይናገሩ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ሲያገኙን ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ጠጋ ብለው የሚያሸቱን ይመስለኝ ነበር።

አራተኛው ጓደኛችን ቤተሰብ ነበረው። ልጁ ገና ጡት አልጣለችም። የሚኖረው ሩቅ ነው። እየተመላለሰ ይማር ነበር። በእጅ አብራሪነት ከሁላችንም ይበልጥ ነበር፤ ይህን የምለው ስላዘንኩለት አይደለም። አውቶፓይለቱ ጠፍቶ፣ አንድ ሞተር ሞቶ፣ አውሮፕላኑን በመስመር ላይ ሲይዘው ብታዩት ሁለቱም ሞተሮች የሚሠሩ ይመስላችሁ ነበር።

ግራውንድ ስኩሉን እንደ ልብ ተወጣው። የክፍል ትምህርት ቀን ቀን ነው። ጠዋት ትሄዳለህ፣ ማታ ትገባለህ። ሃይድሮሊኩን፣ ኤሌክትሪኩን፣ የነዳጁን ሲስተም ቤትህ ቁጭ ብለህ መሸምደድ ትችላለህ። ነገሩ የሚለወጠው ሲም ሲጀመር ነው። ሲሙሌተር ውድ ዕቃ ስለሆነ አያርፍም። በስድስት እግሩ ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ ይወዛወዛል። አንድ ሳምንት ከሰዓት በኋላ ይደርስሃል፤ በሚቀጥለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትገባለህ። አራቱ ሰዓት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከፊቱ ብሪፊንግ አለ፣ ከኋላው ዲብሪፊንግ አለ። ደግሞ የሰው አካል በጣም የሚደክምበት ጊዜ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ለአብራሪዎች የሥራ ሰዓት ሕግ የሚያወጡ ሰዎችም ይህን ጊዜ ለይተው ያዩታል።

ጓደኛችን ማታ ከቤቱ መንገድ ይይዝና ቀድሞ ይደርሳል። ከዚያ መኪናው ውስጥ ይተኛል። አይቼዋለሁ። የተተኮሰውን ሸሚዝ ከኋላው መስኮት በላይ ሰቅሎት፣ ወንበሩን አስተኝቶ፣ ጃኬቱን ፊቱ ላይ ጥሎ። ጎህ ሲቀድ ከሲም ወጥቶ እንደገና ያን ሁሉ መንገድ ይነዳል። ቤት ሲደርስ ልጅቱ ነቅታለች።

እኛስ? ከሲም ስንወጣ በእግራችን ቤት እንገባለን። ሦስታችን ወጥ ቤት ቆመን የሆነውን ሁሉ እናወራለን። አሠልጣኙ ምን አለ፣ የቱ ላይ አቆመን፣ ምኑን ወደደው። የጓደኛችን ፓርትነር ከእኛ ጋር ስለሚኖር ይህን ሁሉ ይሰማል። የወረቀቱ ኮክፒት ፊት ከእኔ ወይም ከእኔ ፓርትነር ጋር ይቀመጣል። ቀስ በቀስ ሦስታችን የራሳችንን ቋንቋ አወጣን። መጽሐፉ ላይ ያለውን ጥሪ፣ ማለትም ኮክፒት ውስጥ ጮክ ተብሎ የሚባለውን የተወሰነ ቃል፣ አሳጠርነው። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይገባዋል። ፍጥነት ይመስለን ነበር።

አንድ ቀን እነሱ ሲሠለጥኑ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አየሁ። ጓደኛችን ያበራል። ለመነሳት እየተንደረደሩ ሳለ ቪ-ዋንን፣ ካለፉት በኋላ መነሳት እንጂ መቆም የሌለበትን ፍጥነት፣ አልፈው ሞተር ሞተ። እግሩ ረደሩ ላይ፣ አፍንጫውን ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጅራት መሪ ፔዳል ላይ፣ ሄደ፤ አፍንጫው እንኳ አልተነቃነቀም። ተነሱ፣ ወጡ። ከዚያ የሞተር እሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ። እንዲህ ሲሆን የሞተሩን ሌቨር ማንም ብቻውን አይነካም። የሚከታተለው እጁን ያስቀምጥና የትኛው ሌቨር እንደሆነ በስም ጠርቶ ያስረግጣል። የሚያበረው ዓይቶ «ኮንፈርምድ» ይላል። ከዚያ ነው የሚሳበው። ደህናውን ሞተር የሚያጠፋ ሰው እንዳይኖር ነው።

ፓርትነሩ የእኛን ቤት አጭር ጥሪ ተናገረ። ጓደኛችን የመጽሐፉን ጠበቀ። ዝም ተባባሉ። ፓርትነሩ የተስማሙ መስሎት ሌቨሩን መሳብ ጀመረ። «ቆይ!» አለ ጓደኛችን። አሠልጣኙ ሲሙን አስቆመው። ውዝዋዜው ቀጥ አለ፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሰማይ ፎቶ ሆነ። «ለመሆኑ የምታበሩት አንድ አውሮፕላን ነው?» አላቸው።

መጽሐፉን በትክክል ይዞ የመጣው እሱ ነበር። ይህን ዛሬም እደግመዋለሁ። ግን ያን ቀን የተናደው እሱ ነው። እንቅልፍ የጠገበ ሰው «አይ፣ ጥሪው እንዲህ ነው» ይልና ይቀጥላል። እሱ ራሱን ተጠራጠረ። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ ያመነታ ጀመር። ተጨማሪ ሴሽን ተሰጠው። ተጨማሪ ሴሽን ማለት ተጨማሪ ሌሊት፣ ተጨማሪ መንገድ ነው። ቼኩ፣ ማለትም የማብቂያው ፈተና፣ ሳይደርስ ለቀቀ። ኋላ ሌላ ቦታ ገብቶ እንደሚበር ሰማሁ፤ ደስ አለኝ።

የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። የወረቀቱ ኮክፒት የነበረባት ክፍል ውስጥ ፍራሽ ነበር። ሻንጣዎቻችንን ደርድረንበት ነበር። እሱ አልጠየቀም። እኛም ና እደር አላልነውም። ማንም ክፉ አልነበረም፤ ብቻ ማናችንም አላሰብነውም።

የሚገርመው ቀን ቀን ክፍል ውስጥ የምንማረው ስለ መናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1978 አሜሪካ ውስጥ ፖርትላንድ አጠገብ ስለወደቀው የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 173። ካፒቴኑ ከአውሮፕላኑ የማረፊያ ጎማ ችግር ጋር ሲታገል ነዳጅ አለቀ። ከነበሩት 189 ሰዎች 10 ሞቱ። ነዳጁ እያለቀ መሆኑን ሌሎቹ የኮክፒት ሰዎች አንስተውት ነበር፤ ግን ጠንከር አድርገው አልተናገሩም። ከዚያ አደጋ በኋላ፣ በ1979 ናሳ በጠራው ስብሰባ፣ ዛሬ ሲአርኤም የምንለው፣ የኮክፒት ሰዎች ተነጋግረውና ተደማምጠው አብረው እንዲሠሩ የሚያስተምረው ትምህርት መልክ ያዘ። እኛ ይህን በቃላችን እናውቀዋለን። እሱ «ደክሞኛል» አላለም፣ እኛም «ፍራሽ አለ» አላልንም።

አሁን ወደ ዛሬዎቹ ልምጣ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እናንተ በአፋችሁ አታጠኑም። ጆሮ ማዳመጫ ሰክታችሁ፣ ታብሌት ላይ ካርድ እየገለበጣችሁ፣ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ሆናችሁ አንድ ቃል አትለዋወጡም። ጥያቄ ብጠይቃችሁ መልሱ አላችሁ፤ ከእኛ ትበልጣላችሁ። «በል አሁን ጮክ ብለህ ጥራው፣ እጅህን አንቀሳቅስ» ስላችሁ ግን ምላሳችሁ ይተሳሰራል። ኮክፒት ውስጥ ያለው ሥራ የአፍና የእጅ ሥራ ነው። የቴሌግራም ግሩፓችሁም ያስቀኛል። መቶ መልእክት፣ ግማሹ ሳቅ።

ግን ልቤ እውነቱን ያውቃል። ያ የቴሌግራም ግሩፕ ያኔ ቢኖረን ጓደኛችን ወጥ ቤት ውስጥ የምናወራውን ሁሉ ይሰማ ነበር። ስለዚህ አማሁት፤ አትተዉት።

እንግዲህ ለጠያቂዬ። ግራውንድ ስኩሉ ላይ ከቤትህ ተመላለስ። ልጅህን ሳታይ የምትውልበት ምክንያት የለም። ሲም ከመጀመሩ በፊት ግን ማሠልጠኛው አጠገብ አልጋ ይኑርህ። ሙሉ ቤት መሆን የለበትም። የሌሊት ሴሽን ባለበት ቀን ገብተህ የምትተኛበት፣ ጠዋት ወጥተህ መሪ ሳትይዝ የምትወድቅበት ይሁን። መስኮቱ በደንብ የሚጨልም መሆኑን ቀን ሄደህ እየው። የቀን እንቅልፍ የሚሰረቀው በብርሃን ነው።

ከፓርትነርህ ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ ብትሆኑ በጣም ጥሩ። አንድ ክፍል ግን አይሁን። ኩባንያው ሆቴል ከሰጣችሁና ለሁለት ከሆነ፣ ብትችል ልዩነቱን ከኪስህ ከፍለህም ተለይ። የእኔ ፓርትነር ማታ ማታ ብርቱ አንባቢ ነበር፤ እኔ በጊዜ የምተኛ ነኝ። መብራቱን በመጽሐፍ እየከለለ ሊረዳኝ ይሞክር ነበር። ደግሞ በእንቅልፍ ልቡ ሜሞሪ አይተም፣ ለአደጋ ጊዜ በቃል የሚያዙትን እርምጃዎች፣ ይወጣ ነበር፣ ያውም ሳይሳሳት። አንድ ክፍል አትጋሩ የምላችሁ ሰው በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ወራት እነዚያን እቆጥራለሁ። ምን ላድርግ?

ከባለቤትህ ጋር ደግሞ የሲሙን ፕሮግራም ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። ከሌሊት ሴሽን ስትመለስ ቢያንስ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት እንደማትኖር ትወቅ። ሌላም ጥቅም አላት። ጥሪዎቹ የተጻፉበትን የጥናት ካርድ ያዢልኝ በላት። ስለ አውሮፕላን ምንም ስለማታውቅ ከማንም አሠልጣኝ ትበልጣለች። ፓርትነርህ ግማሹን ስትናገር ገብቶት ያልፍሃል። እሷ አታልፍህም። ካርዱ ላይ ሦስት ቃል ካለና አንተ ሁለት ካልክ «አንድ ቀረህ» ትልሃለች። የእኛን ቤት ቋንቋ ያበላሸው እንዲህ የሚል ሰው መታጣቱ ነው። ብቻህን የምትኖር ከሆንክ ስልክህ ድምፅህን ይቅዳልህ፤ ከዚያ መጽሐፉን ይዘህ ስማው። ያሳፍራል፤ ይሠራል።

ከሲም የወጣ ጓደኛችሁ የሚነግራችሁን ስሙ፤ ግን ከመጽሐፉ ጋር ሳታመሳክሩ አትያዙት። የአንድ አሠልጣኝ ፍላጎት የሌላው አይደለም። ቼክ የሚያደርጋችሁ ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው።

ከክፍላችሁ ሩቅ የሚኖር ካለ ሌሊት ሴሽን ሲደርሰው የት እንደሚያድር ጠይቁት። እስኪነግራችሁ አትጠብቁ።

በመጨረሻ ስለ ኪራይ ውሉ። የዓመት ውል አትፈርሙ። የምትመደቡበት ጣቢያ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሥልጠናው መሃል ላይ ወይም ሲያልቅ ነው፤ ከቼኩ በኋላ ያለው የመስመር ሥልጠናም ከዚያ ሊሆን ይችላል። በወር በወር የሚያከራይ ፈልጉ፣ ትንሽ ቢወደድም። ካልተገኘ ውሉ ላይ በአንድ ወር ማስታወቂያ መልቀቅ እንደምትችሉ አስጽፉ።