ማክ አድራሻ ቢገለበጥም ሞገዱ ይለያያልን?

ጥያቄ፦ የምንጠቀምበት የዋይፋይ መረብ የሚቀበለው ማክ አድራሻቸው (የመሣሪያው መለያ ቁጥር) የተመዘገበ መሣሪያዎችን ብቻ ነው። ሆኖም አድራሻው በቀላሉ እንደሚቀየር ሰማሁ። መሣሪያን ከሚልከው ሞገድ መለየት ይቻላል የሚባለውስ እውነት ነውን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። ማክ አድራሻ 48 ቢት ያለው ቁጥር ነው፤ በአየር ላይ ሳይመሰጠር ስለሚያልፍ አድማጭ ቀድቶት በራሱ መሣሪያ ላይ ሊያስገባው ይችላል። ሞገዱ ግን የሚወጣው ድግግሞሹን ከሚወስነው ክሪስታል፣ ከማጉያና ከሌሎች የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ሲሆን፣ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት መሣሪያዎች እንኳ በእነዚህ ክፍሎች ጥቃቅን ጉድለት ይለያያሉ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው የድግግሞሽ ዝንፈት ነው። በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ የዋይፋይ መሣሪያ ከታለመለት ድግግሞሽ ከአንድ ሚሊዮን 25 እጅ፣ ማለትም 60 ኪሎኸርትዝ ያህል፣ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል የዋይፋይ ደረጃው (ስታንዳርዱ) ይፈቅድለታል። ተቀባዩ መልእክቱን ለማንበብ ይህን ዝንፈት በእያንዳንዱ ፍሬም (አንድ ጊዜ በሚላክ የመረጃ ጥቅል) መጀመሪያ ላይ ለክቶ ማረም ግዴታው ስለሆነ፣ ለመለያ የሚያገለግለው መረጃ እዚያው ተለክቶ የሚጣል ነው፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። በዚህ ላይ የማጉያው መዛባትና ሞገዱን የሚያዋቅሩት ሁለት መስመሮች አለመመጣጠን ሲጨመሩ ልዩነቱ ይጎላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቀረበ ጥናት ከ130 በላይ ተመሳሳይ የዋይፋይ ካርዶች ከ99 በመቶ በላይ በሆነ ትክክለኛነት ተለይተዋል።

ነገር ግን ይህን ውጤት እንዳለ ወደ ሥራ ቦታ ማዛወር አይገባም። ክሪስታል ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ድግግሞሹ ይለወጣል፤ ግድግዳና የሰው እንቅስቃሴ ሞገዱን ያዛባሉ፤ የተቀባዩ የራሱ ጉድለትም በልኬቱ ውስጥ ስለሚገባ፣ በአንዱ ተቀባይ የተመዘገበው መለያ በሌላው ላይ ላይሠራ ይችላል። ጥሩ የሞገድ ማመንጫ ያለው አጥቂም የሌላውን ድግግሞሽ አስመስሎ መላክ አይሳነውም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት መረቡን አስቀድመው በደብሊውፒኤ3 (በዋይፋይ የደኅንነት ደረጃ) እና ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በተለየ ዲጂታል የምስክር ወረቀት ይጠብቁ፤ የሞገድ መለያው አንድ አድራሻ በድንገት ከሌላ መሣሪያ መላክ ሲጀምር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ብቻ ይዋል። ተቀባዩን በቀየሩ ቁጥርም የሁሉንም መሣሪያዎች ልኬት እንደ አዲስ ይውሰዱ።