ከጅራቱ ያዙት፦ ስለ አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ለወጣቶች

ወጣቶች፣ እንግሊዝኛ ስታጠኑ ረጃጅሙን ቃል እየሸመደዳችሁ አጭሩን ትንቁታላችሁ። እዚህ ጣፎ ሰፈራችን ውስጥ አይኤልትስ ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ጽሑፋቸውን ያሳዩኛል። ምላስ የሚያሳስረውን ቃል ፊደል ሳያጓድሉ ይጽፉና «ሃቭ» ላይ ይወድቃሉ። እኔ ዕድሜዬን የበላሁት ማተሚያ ቤት ውስጥ ፕሩፍ፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት ያለውን ረቂቅ፣ በማረም ነው። ትልቁን ቃል ሁሉም ተጠንቅቆ ይጽፈዋል፤ ስህተት የሚደበቀው ትንንሾቹ ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ሞክሩ። አጫጭር ቃላትን በመጨረሻ ፊደላቸው እየሰበሰባችሁ አጥኑ። በመጀመሪያ ፊደላቸውማ መዝገበ ቃላቱ ሰብስቦላችኋል። የአጻጻፋቸው ሰበብ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው።

በቅርቡ የጎረቤቴ ልጅ ሲቪዋን አምጥታ «ጋሼ፣ እስኪ እዩልኝ» አለችኝ። «ሃቭ»ን በኤች፣ በኤ እና በቪ ጽፋ ትታዋለች። ቴሌግራም ላይ እንደዚያ ነው የለመደችው። ስነግራት «መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ» ድምፅ እንኳን የላትም፣ ምን ትሠራለች ታዲያ?» ብላ ተከራከረችኝ። ጥያቄዋን ወደድኩት፤ አስተማሪዎች «ዝም ብለሽ ያዢው» እያሉ የሚያልፉት ጥያቄ ነው።

መልሱ ይኸውላችሁ። ድሮ እንግሊዞች «ዩ» እና «ቪ»ን እንደ ሁለት ፊደል አይቆጥሯቸውም ነበር። አንድ ፊደል በሁለት መልክ ነበረች። ቃል መጀመሪያ ላይ ስትመጣ የሾለችውን፣ መሐል ላይ ስትመጣ ክቧን ይጽፋሉ፣ ድምፁ የፈለገውን ይሁን። «ሃቭ» ራሱ በ«ዩ» ይጻፍ ነበር። ታዲያ ያቺ ፊደል መጨረሻ ላይ ብቻዋን ብትቀር አንባቢው አናባቢ ትሁን ተነባቢ በምን ይለያታል? «ኢ» ስትከተላት ነገሩ ይጠራል። በ1600ዎቹ ሁለቱ ፊደላት ተለያዩ፤ «ኢ» ግን በዚያው ቀረች። «ጊቭ» መስጠት፣ «ሊቭ» መኖር፣ «ላቭ» ፍቅር፣ «ግላቭ» ጓንት፣ «ዳቭ» ርግብ፣ ሁሉም ይችን «ኢ» ይዘዋል። በቪ ብቻ የሚያልቅ አጭር ቃል ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከረጅም ቃል የተቆረጠ ነው። «ሬቭ» ማለት የሞተርን ዙር ከፍ አድርጎ ማስጮህ ነው፣ ከ«ሬቮሉሽን» ተቆርጦ። ኮድ የምትጽፉት ልጆች «ዴቭ» የምትሉትም «ዴቨሎፐር» ነው።

«ጄ»ም ታሪኳ ከዚህ አይርቅም። እሷ ደግሞ ከ«አይ» ጋር አንድ ነበረች። ስለዚህ ቃሉ መጨረሻው ላይ «ጅ» ብሎ ቢጮህም በ«ጄ» አይጻፍም፤ «ጂ» እና «ኢ» ይጻፋሉ፣ አንዳንዴ «ዲ» ትቀድማቸዋለች። «ኬጅ» የወፍ ወይም የአውሬ ማጎሪያ፣ «ብሪጅ» ድልድይ፣ «ጃጅ» ዳኛ። አሁን ወጣ በሉና መንገድ ዳር ተራ የያዙትን ባለ ሦስት እግሮች ተመልከቱ። ባጃጅ በ«ጄ» ነው የሚያልቀው። ቃሉ የህንድ ቤተሰብ ስም ስለሆነ የእንግሊዝኛ ሕግ አይነካውም፤ የኩባንያው ቡድን መሥራች ጃምናላል ባጃጅ ናቸው። በ«ጄ» የሚያልቁት አጫጭሮችም እንግዶች ናቸው፦ «ራጅ» አገዛዝ፣ እንግሊዞች ህንድን የገዙበት ዘመን የሚጠራበት፤ «ሀጅ» የመካው ጉዞ።

መንገዱ ላይ ከሆናችሁ አይቀር አይሱዙውንም እዩት። በ«ዩ» ያልቃል። ስሙ ጃፓን ውስጥ በኢሴ መቅደስ አጠገብ የሚፈስ ወንዝ ነው። እንግሊዝኛ ቃልን በ«ዩ» መጨረስ አይወድም። ጥንትም የራሱ የሆኑ ሁለት ቃላት አሉ፤ አንደኛው «ዩ» ነው፣ ዛሬ ለአንተም ለእርስዎም የሚሆነው፤ ሁለተኛው «ዛው»፣ «አንተ» ማለት የነበረና አሁን ከጸሎትና ከግጥም ውጭ ብዙም የማይሰማ። የቀረው እንግዳ ወይም ቁራጭ ነው። «ሜኑ» ከፈረንሳይኛ፣ «ቶፉ»፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ከጃፓንኛ፣ «ጉሩ» ማለትም መምህር ከህንድ። «ፍሉ» ከ«ኢንፍሉዌንዛ» ተቆርጦ። «ኤሙ» የአውስትራሊያ ትልቅ ወፍ፣ መሮጥ እንጂ መብረር የማትችል። «ኑ» የአፍሪካ የሜዳ አውሬ ነው፤ ሲጻፍ ግን ፊቱ ላይ የማትነበብ «ጂ» አለች፣ ተጠንቀቁ። እኔ የምወደው «ዜቡ»ን ነው፤ ሻኛ ያለው ከብት ማለት ነው። የቦረና በሬ ዜቡ ነው እንግዲህ፣ ብዙ ሰው በአማርኛ እያወቀው በእንግሊዝኛ ሲያገኘው ግራ ይገባዋል።

«አይ» ላይ አልቆይም። እንግሊዝኛ በራሱ ቃል መጨረሻ ላይ «ዋይ»ን ይመርጣል፦ «ማይ» የእኔ፣ «ስካይ» ሰማይ፣ «ድራይ» ደረቅ። በ«አይ» የሚያልቀው «ስኪ»፣ የበረዶ መንሸራተቻው፣ ከኖርዌይ መጣ። «ታክሲ» ደግሞ ከ«ታክሲሜትር» ተቆረጠ፣ ዋጋ የሚቆጥረው መሣሪያ ስም ነው። የእኛ ሚኒባስ ያ መሣሪያ የለውም፤ ቆጣሪው ረዳቱ ነው፣ መልስ ሲሆን ቆጠራው ይጠፋበታል እንጂ።

ኤስ ላይ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። አጭር አናባቢ ያለው አጭር ቃል በ«ኤስ» ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ ይደግማታል፦ «ሚስ» መሳት ወይም መናፈቅ፣ «ኪስ» መሳም፣ «ቦስ» አለቃ። «ባስ» ግን ለምን አንድ ብቻ? «ኦምኒቡስ» የሚል የላቲን ቃል ነበር፣ «ለሁሉም» ማለት። ሰዎች አናቱን ቆርጠው ጥለው የሰዋስው ቅጥያውን ብቻ ያዙ። በየቀኑ የምትጋፉበት አውቶቡስ የሚጠራው ለብቻው ምንም ትርጉም በሌለው ጭራ ነው! «ጋዝ»ም በእንግሊዝኛ አንድ ኤስ ነው ያለው፤ ቫን ሄልሞንት የሚባል የፍላንደርስ ኬሚስት በ1600ዎቹ ከግሪኩ «ካኦስ» ተነስቶ የፈጠረው ስም ነው።

አንድ ልጨምር። «ኤግ» እንቁላል ሁለት «ጂ»፣ «አድ» መደመር ሁለት «ዲ»፣ «ኢን» የእንግዳ ማረፊያ ሁለት «ኤን» አላቸው። ለድምፁማ አንዷ ትበቃ ነበር። ግን እንግሊዝኛ ውስጥ ራሱን የቻለ ትርጉም ያለው ቃል ቢያንስ ሦስት ፊደል ይኑረው የሚል ልማድ አለ። ሁለት ፊደል ለአገናኞቹ ነው የተተወው፤ «ውስጥ» የሚለው «ኢን» በአንድ «ኤን» የሚጻፈው ለዚህ ነው። «ጎ» መሄድ፣ «ዱ» ማድረግ እና «ኦክስ» በሬ ከዚህ ያመለጡ ናቸው።

ደብተር ያዙ፣ ለእያንዳንዱ መጨረሻ ፊደል አንድ ገጽ ስጡ። ፍቺውን ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣም ጻፉ፤ ደህና መዝገበ ቃላት ከፍቺው ሥር ምንጩን ያስቀምጣል። «ዜድ»ን ሆን ብዬ ትቼላችኋለሁ። «በዝ» የንብ ድምፅ በሁለት ዜድ፣ «ኩዊዝ» በአንድ። በ«በዝ» ጀምሩ፤ «ኩዊዝ» ላይ ብዙ አትድከሙ፣ ከየት እንደመጣ የቋንቋ ሊቃውንቱም አያውቁትም።