ብርሃን በደከመበት ቤት ውስጥ ቤተሰብን ፎቶ ማንሳት

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ከሰዓት በኋላ ቤተሰባችን አያቴ ዘንድ ቡና ለመጠጣት ሲሰበሰብ፣ ሁሉም እንደ ወትሮው ሲጫወቱ ፎቶ ላነሳቸው እሞክራለሁ። ቤቱ ያለው አንዲት ጠባብ መስኮትና አንድ አምፖል ብቻ ነው። ያለ ፍላሽ ሳነሳ ፎቶው ይደበዝዛል፤ በፍላሽ ሳነሳ ደግሞ ፊታቸው ይነጣል፣ ሁሉም ወደ እኔ ይዞሩና ጨዋታው ይቋረጣል። አንዳንዴ በስልኬ፣ አንዳንዴም በወንድሜ ካሜራ ነው የማነሳው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ፍላሹን ያጥፉት። ፊት ለፊት የሚበራ ፍላሽ ጨዋታውን ከማቋረጡም በላይ የዕጣኑን ጭስ አንጽቶ በአያትዎና በካሜራው መካከል እንደ ነጭ መጋረጃ ያደርገዋል። ፍላሹን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማንሳት ግድግዳው ነጭ ሲሆን ጥሩ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከተቀባ ግን ያው ቀለም ፊታቸው ላይ ያርፋል።

ከዚያ ይልቅ መስኮቲቱን ይጠቀሙባት። ከጠባብ መስኮት የሚገባ ብርሃን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ አንድ አራተኛ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከመስኮቱ ሦስት ሜትር ርቆ የነበረው ረከቦት ወደ አንድ ሜትር ተኩል ቢጠጋ አራት እጥፍ ያህል ብርሃን ያገኛሉ። ይህንንም ቄጠማው ከመጎዝጎዙ በፊት አያትዎን አስፈቅደው ያድርጉት። ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ ሆነው ይቀመጡ፤ ያን ጊዜ የፊታቸው መስመርም፣ ከማጨሻው የሚወጣው ጭስም ጥርት ብሎ ይታያል። ቀን ከሆነ አምፖሉ ይጥፋ፤ አለዚያ አንዱ ጉንጭ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል።

ፎቶው የሚደበዝዘው ካሜራው በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ ሲል መዝጊያውን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ስለሚቆይና በዚያው ቅጽበት እጅዎ ወይም የሚነሳው ሰው ስለሚንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ በወንድምዎ ካሜራ አስቀድመው የመዝጊያውን ፍጥነት ይወስኑ፦ እየተናገሩ እጃቸውን ለሚያወናጭፉ ሰዎች 1/125 ሰከንድ፣ ጸጥ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው 1/60 ሰከንድ ይበቃል። ቀጥሎ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ የጎደለውን አይ.ኤስ.ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ወደ 3200 ወይም 6400 ከፍ በማድረግ ይሙሉት። ብዙ ሰው ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ይወጣል ብሎ ይህን ይፈራል፤ በእኔ እምነት ግን ነጠብጣብ ያለበት የሳቅ ፎቶ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፣ የደበዘዘው ግን በምንም አይታረምም። አቅም ከፈቀደ ባለ 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 ሌንስ ይግዙ (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)፤ ኤፍ 5.6 ላይ ከሚገታ ሌንስ ጋር ሲነጻጸር አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። የሚያጠራው ርቀት ጠባብ ስለሆነ ትኩረቱን ወደ እርስዎ በቀረበው ዓይን ላይ ያድርጉ።

በስልክ ሲያነሱ የሌሊት ሞዱን ያጥፉት፤ ብዙ ምስሎችን እየደራረበ ስለሚሠራ ጀበናውን የያዘው እጅ ሊደበዝዝ ወይም ተደርቦ ሊታይ ይችላል። በዙም ከማቅረብ ይልቅ ራስዎ ይጠጉ። ከሁሉም በላይ ነጠላውን ልብ ይበሉ፦ ነጭ ልብስ የምስሉን ሰፊ ቦታ ሲይዝ ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ምስሉን ያጨልመዋል፣ የሚጎዳውም ፊት ነው። ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ነክተው ብርሃኑን ጥቂት ከፍ ያድርጉት።

ፎቶ እንደሚያነሱ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ይህ ጨዋታውን ያበላሻል ብለው አይስጉ። አቦሉ እስኪጠጣ ካሜራውን ጭንዎ ላይ አድርገው አብረው ይጫወቱ፣ በቶናው ጥቂት ያንሱ፤ በረካው ሲደርስ ማንም ካሜራውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ ጥሩዎቹ ፎቶዎች የሚገኙትም ያን ጊዜ ነው። አዛውንቱ ሲመርቁና ቤቱ ሁሉ እጁን ዘርግቶ «አሚን» ሲል ግን፣ እነሱው ካልፈቀዱልዎ በቀር ካሜራውን ያስቀምጡ።

መብራት ጠፍቶ በሻማ የቀሩ እንደሆነ ሻማውን በሚነሳው ሰው ፊት ቁመት ልክ፣ ወደ ጎን አቅርበው ያኑሩት፤ ነበልባሉ ከምስሉ ውጭ ይሁን። ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ አስደግፈው በ1/30 ሰከንድ፣ ሰዎቹ ፀጥ ባሉበት ቅጽበት ደጋግመው ያንሱ።