የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ለምን አልይዝ ይላል?

እህቴ፣ «እናቴ ሙሉ ጥርስ አሠርታ የላዩ ጥሩ ይዞላታል፣ የታችኛው ግን ስታወራ እንኳ ብድግ ይላል፣ ሠሪው አበላሽቶት ይሆን?» ላልሽው፣ ላይሆን ይችላል። እዚህ አዳማ ጥርስ ስሠራ ቆይቻለሁ፣ ከዚህ ቅሬታ አርፈን አናውቅም።

ጥርሱን ድድ ላይ የሚያቆየው ማስቲሽ ሳይሆን ምራቅ ነው። ሁለት ጠፍጣፋ መስታወት አርጥበሽ ብታጋጥሚ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ እንጂ ቀጥ አድርገሽ ስትስቢያቸው እምቢ ይላሉ፤ ይሄም ያው ነው። ስፋት ሲጨምር ይበልጥ ይይዛል። በመሃል ያለው ምራቅ ሲሳሳማ በጣም ነው፤ በስሌቱ ክፍተቱ በግማሽ ቢጠብ ኃይሉ 8 እጥፍ ይሆናል። ልክ ስንወስድ የምንነዘንዘው ወደን አይደለም።

የላዩ ላንቃን በሙሉ ይሸፍናል። ከታች ግን መሃሉን ምላስ ስለያዘው ዙሪያውን ጠባብ መስመር ብቻ ይቀራል፣ ስፋቱ ከላዩ ግማሽ ገደማ ነው። በዚያ ላይ ምላስና ጉንጭ ይገፉታል፣ አጥንቱም ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ከላዩ ፈጥኖ ይሟሽሻል። (አንዳንዱ ሰው «የላዩ ያስመልሰኛል፣ ከኋላ ቁረጡልኝ» ይላል። መያዣውን ቁረጡልኝ እንደማለት ነው።)

አሁን የእናትሽን ምራቅ እዪ። ጥርሱን ሲያወልቁት ክር ሠርቶ የሚሳብ ከሆነ ወፍራም ነው። ወፍራም የተሻለ የሚያጣብቅ ይመስላል፣ ግን በመሃል ተከምሮ ጥርሱን ከድድ ያርቀዋል። ከደረቀ ደግሞ የባሰ ነው፤ አይይዝም፣ ድዱንም ይልጠዋል። የደም ግፊት፣ የአለርጂ ወይም የድብርት መድኃኒት ይወስዳሉ? ብዙዎቹ አፍ ያደርቃሉ፣ ውሃ ካልጠጡ የከተማችን ሙቀት ይጨምርበታል። መድኃኒቱን በራሳቸው እንዳያቆሙ፣ ለሐኪማቸው ይንገሩ። ጥርሱን ሲያስገቡ ያርጥቡት፣ ቀን ቀን ውሃ ጎንጨት ይበሉ።

ፋርማሲ የሚሸጠውን ማጣበቂያ ትንሽ መቀባት ይቻላል። ግን ልኩን የሳተ ጥርስ በማጣበቂያ አይስተካከልም፣ ብዙ ከቀባሽው ራሱ ክፍተት ይሆናል። መጀመሪያ ወደ ሠሪው ውሰጂያቸውና ጠርዙን ይይላቸው፣ ድዱ ከሸሸ የውስጡን ገጽ እንደ አዲስ መሙላት ይቻላል። አቅም ካለ ደግሞ ከታች መንጋጋ ላይ 2 ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ብሎን) አስተክሎ ጥርሱን እዚያ ላይ ማስያዝን የሚያክል የለም፣ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ማታ ያውልቁት፣ ውሃ ውስጥ ይደር። ደርቆ ካደረ ቅርጹ ሊለወጥ ይችላል።