መብራቱ በርቶ ድምፅ ለጠፋበት ፒሲኤም5102 (ዲጂታል ድምፅን ወደ አናሎግ የሚቀይር ቺፕ ያለበት ሰሌዳ)
ኤስሲኬ የሚለውን እግር በአጭር ሽቦ ከግራውንድ ጋር በይደው። ኤስሲኬ የማስተር ክሎክ (የቺፑን ሥራ የሚመራው ዋና የጊዜ ምልክት) መግቢያ ነው፤ እሱን እስካልላክለት ድረስ ቺፑ ክሎኩን ከቢሲኬ (ከድምፅ ዳታው ጋር ከሚመጣው የቢት ክሎክ) የሚሠራው ያ እግር ግራውንድ ላይ ሲሆን ነው። አንተ ግን፣ ስትጠይቀኝ እንደነገርከኝ፣ «ትርፍ ነው» ብለህ ባዶውን ትተኸዋል።

አሁንም ዝም ካለ ኤክስኤስኤምቲን (ድምፅ የሚዘጋውንና የሚከፍተውን እግር) በመልቲሜትር ለካው። ወደ 3.3 ቮልት ካላሳየህ ቺፑ ራሱ ድምፁን ዘግቶታል፤ ከሰሌዳው ጀርባ የሱን ነጥብ ከኤች (ከ3.3 ቮልት ነጥብ) ጋር በትንሽ የብየዳ ሊድ አገናኝ። ሊዱ ኤልንም (የግራውንዱን ነጥብ) ከነካ ግን 3.3 ቮልቱ በቀጥታ ከግራውንድ ጋር ሾርት ያደርጋል።

ስትሞክር አምፕሊፋየሩን ዜሮ ላይ አድርገህ ጀምር። እኔ ኤፍኤምቲን (የድምፅ ዳታውን ፎርማት የሚመርጠውን እግር) በስህተት ኤች ላይ አድርጌው፣ ሙዚቃ ስጠብቅ የተቀደደ ጩኸት ወጣ፤ ትዊተሬ (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) በዚያው ተቃጠለ።