መልስ፦ ከስቶንሄንጅ ሌላ በእንግሊዝ ገጠር ምን የሚታይ ነገር አለ?

ወንድሜ፣ በእንግሊዝ ገጠር ከታዋቂው የትክል ድንጋዮች ክብ ከስቶንሄንጅ ሌላ መታየት ያለበት ጥንታዊ ስፍራ የትኛው ነው ብለህ ለጠየቅኸው፣ ያለማመንታት ኤቭበሪ እልሃለሁ። በዊልትሻየር የምትገኝ ትንሽ መንደር ስትሆን ከፊሏ ያረፈው በጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ክብ ውስጥ ነው። መኖሪያ ቤቱም፣ መጠጥ ቤቱም፣ የሚግጡት በጎችም ከ4,000 ዓመት በላይ ባስቆጠሩ ድንጋዮች መካከል ናቸው። የውጭው ክብ ከዳር እስከ ዳር 330 ሜትር ገደማ ይሆናል። ድንጋዮቹንም ቀርበህ በእጅህ መዳሰስ ትችላለህ።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 የተገኘው አጽም ነው። ከቤተሰቡ የማርማላታ ንግድ ሀብት የወረሰው አሌክሳንደር ኬይለር ቀድሞ መንደርተኞች የቀበሯቸውን የክቡን ድንጋዮች እያስቆፈረ መልሶ ሲያስተክል፣ ከአንዱ ስር በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ሰው ተገኘ። አብረውት መቀስ፣ ሳንቲሞችና የሐኪም መሣሪያ ሳይሆን አይቀርም የተባለ ሹል ብረት ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ፀጉር መቁረጥና ቁስል ማከም የአንድ ሰው ሙያ ነበርና። መንደርተኞቹ ድንጋዩን ሊቀብሩ ሲጥሩ በዚህ ሰው ላይ ወድቆበት ሞተ ተብሎ ለብዙ ዓመታት ታመነ። አጽሙ እንደገና ሲመረመር ግን የመጨፍለቅ ምልክት ስላልታየበት፣ ቀድሞ ሞቶ እዚያ የተቀበረ ሊሆን ይችላል ተባለ።

ከቻልህ በእግርህ እስከ ዌስት ኬኔት ዝለቅ። ከክርስቶስ ልደት 3,600 ዓመታት ገደማ በፊት የተሠራ መቃብር ነው፤ ውስጡ ስለሚገባ የእጅ ባትሪ ያዝ። በመንገድህ የምታየው 39 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲልበሪ ኮረብታም የሰው እጅ ሥራ ነው፤ እሱን መውጣት ግን ክልክል ነው።